ልዩነትን ሕመም ያደረገ ጽሑፍ፦ ስለ ግንባር ሳይነስና ስለ ሲቲ ስካን የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን እዚህ ሀዋሳ ውስጥ በጤና ባለሙያዎችም በታካሚዎችም ዘንድ ሲነበብና ሲጠቀስ የሰነበተ አንድ ጽሑፍ አለ። ፍሬ ነገሩ ሲጠቀለል የሚከተለው ነው፦ የግንባር ሳይነስ፣ ማለትም ከቅንድብ በላይ በግንባር አጥንት ውስጥ ያለው አየር የሞላበት ክፍት ቦታ፣ በሲቲ ስካን ሲታይ ከሰው ሰው ይለያያል፤ ሳይነሱ ያልወጣለት፣ ያነሰበት ወይም በመውረጃው ላይ ትርፍ የአየር ክፍሎች ያሉበት ሰው ለማያባራ ራስ ምታትና ለተደጋጋሚ የሳይነስ ሕመም የተዳረገ ነው፤ ስለዚህ ራሱን የሚያመው ሁሉ ሲቲ ይነሳ፣ ልዩነት የተገኘበትም በቀዶ ሕክምና ይስተካከልለት። ከዚሁ ጋር ተያይዘው የቀረቡ ሌሎች ነጥቦችም አሉ፤ በየተራቸው አነሣቸዋለሁ። እኔ በዚሁ ከተማ ሲቲ የማነብ ራዲዮሎጂስት ነኝ። ጽሑፉ ከወጣ ወዲህ የድሮ ፊልማቸውን ይዘው «የእኔስ ትርፍ ክፍል አለበት ወይ?» እያሉ የሚመጡ ሰዎች ስለበዙ ዝም ማለቱን ተገቢ ሆኖ አላገኘሁትም። የጸሐፊውን ስም ማንሣት አያስፈልግም፤ መልሴ ለሐሳቡ ነው።

አስቀድሜ የምቀበለውን ልናገር። ጸሐፊው ብዙዎቹ የሲቲ ሪፖርቶቻችን የግንባሩን ሳይነስ «ንጹሕ ነው» በሚል አንድ መስመር እንደሚያልፉት ሲተቹ ትክክል ናቸው። ስለ መውረጃው አሠራር፣ ስለ ራስ ቅሉ ወለል ጥልቀት፣ ስለ ፊተኛው የኢትሞይድ (በሁለቱ ዓይኖች መካከል ያለው ባለ ብዙ የአየር ክፍል አጥንት) ደም ቅዳ ቧንቧ አንድ ቃል ሳይጽፉ ታካሚን ወደ ቀዶ ሐኪም መላክ የእኛ የራዲዮሎጂስቶች ጉድለት ነው። አለመግባባታችን የሚጀምረው ልዩነቱ ምን ማለት ነው በሚለው ላይ ነው። እርሳቸው ልዩነቱን ራሱን እንደ ሕመም ይወስዱታል። እኔ ደግሞ ልዩነቱ ብቻውን ሕመም እንዳልሆነ፣ ትርጉም የሚያገኘውም ወይ መውረጃውን ዘግቶ ችግር ማስከተሉ በምስሉም በታካሚውም ላይ ሲታይ፣ ወይም ቀዶ ሐኪም በዚያ በኩል ለመግባት ሲያስብ ብቻ እንደሆነ እላለሁ።

የመጀመሪያው ነጥባቸው የግንባር ሳይነስ አለመኖር ወይም ማነስ የተፈጥሮ ጉድለት ሆኖ ራስ ምታት ያመጣል የሚለው ነው። ይህ ሳይነሱ ከሚያድግበት መንገድ ጋር አይሄድም። የግንባር ሳይነስ ከሳይነሶች ሁሉ ዘግይቶ የሚያድገው ነው። ሕፃን ሲወለድ በግንባሩ አጥንት ውስጥ የለም፤ ከፊተኞቹ የኢትሞይድ ክፍሎች ተነሥቶ አጥንቱን እየሰረሰረ ቀስ በቀስ ወደ ላይ ይወጣና በምስል ላይ በግልጽ መታየት የሚጀምረው በአብዛኛው ከ6 እስከ 8 ዓመት ባለው ዕድሜ ነው፤ ዕድገቱን የሚጨርሰውም ከጉርምስና በኋላ፣ ወደ 20 ዓመት ገደማ ነው። ስለዚህ ጽሑፉ በምሳሌነት ያነሣው «የግንባር ሳይነስ የሌለው የ5 ዓመት ልጅ» የጎደለው ነገር የለም፤ ጊዜው ገና አልደረሰም። በአዋቂዎችም ዘንድ በሁለቱም ወገን ያልወጣላቸው ሰዎች በብዙ ሕዝቦች ውስጥ ከመቶው እስከ 5 ይደርሳሉ፤ በአንድ ወገን ብቻ የቀረባቸውም ጥቂት አይደሉም፤ በአላስካና በካናዳ ሰሜናዊ ክፍል በሚኖሩት ኢኑዊቶች ዘንድ ደግሞ ቁጥሩ ከሌላው ሕዝብ እጅግ ይበልጣል። ሳይነሱ አልወጣም ማለት ቦታው ድፍን አጥንት ሆኖ ቀረ ማለት ነው። ንፍጥ የሚያመነጭ ሽፋን የሌለው፣ መውረጃም የማያስፈልገው አጥንት የሳይነስ ብግነት ሊይዘው አይችልም፤ እንዲያውም ከግንባር ሳይነስ ብግነት ነጻ ነው ሊባል የሚችል ሰው ቢኖር ይኸው ሳይነሱ ያልወጣለት ሰው ነው።

ጽሑፉ ለዚህ ነጥቡ ያቀረበው ማስረጃ በራጅ ላይ ሳይነሱ ባነሰበት ወገን ብዙ ጊዜ ጥላ ይታያል የሚል ነው። ጥላው መታየቱ እውነት ነው፤ ትርጉሙ ግን ሌላ ነው። በራጅ አየር ጥቁር ሆኖ ሲታይ አጥንትም ፈሳሽም ነጣ ብለው ይታያሉ። አንዱ ወገን ሰፊ ሆኖ ሌላው ያልወጣ ከሆነ፣ ያልወጣው ወገን ከጎኑ ካለው ጥቁር ጋር ሲነጻጸር የደፈረሰ፣ መግል የሞላው ይመስላል። አንድ የባጃጅ አሽከርካሪ በዚህ ምክንያት «የግራ ግንባር ሳይነስህ ሞልቷል» እየተባለ በተለያየ ጊዜ አንቲባዮቲክ ሲወስድ ኖሮ በመጨረሻ ለሲቲ ወደ እኛ ተልኮ ነበር። የሲቲውን ምስል አጥንት ጎልቶ በሚታይበት ንፅፅር ከፍቼ ሳየው ከግራ ቅንድቡ በላይ የነበረው ነገር ፈሳሽ አልነበረም፤ በሁለት ጠንካራ ንጣፎች መካከል ያለው ስፖንጅ መሳይ የአጥንት ክፍል ከነጥቃቅን ቀዳዳዎቹ ቁልጭ ብሎ ይታይ ነበር። የቀኙ ሳይነስ ደግሞ የመሐሉን ግድግዳ ይዞ መካከለኛውን መስመር አልፎ ወደ ግራ ዘልቋል። ንጹሕ ነበር። ሕመሙ ግማሽ ራሱን ለይቶ የሚወጋ፣ ብርሃን ሲያይ የሚብስበት፣ ማቅለሽለሽም የሚከተለው እንደነበር የተረዳሁት ከእርሱ ጋር ጥቂት ከተነጋገርን በኋላ ነው፤ ይህ የማይግሬን መልክ ነው።

በእርግጥ የሳይነሱ አለመውጣት ሌላ ነገር የሚጠቁምበት ጊዜ አለ። ከልጅነት ጀምሮ የማይለቅ ሳልና የአፍንጫ ፈሳሽ ያለበት፣ ልቡ በቀኝ በኩል የሆነ ሰው የግንባር ሳይነሱ ሳይወጣ ቢገኝ የካርታጄነር ሲንድረምን (ንፍጥ የሚገፉት ጥቃቅን ዘንጎች በትክክል የማይሠሩበት፣ በዘር የሚተላለፍ ሕመም) ማሰብ ተገቢ ነው፤ በሲስቲክ ፋይብሮሲስ (ንፍጥን የሚያወፍር የዘር ሕመም) እና በዳውን ሲንድረም ታካሚዎችም ላይ ሳይነሱ ማነሱ ወይም አለመኖሩ የተለመደ ነው። በተቃራኒው ደግሞ ከልክ በላይ የሰፋ የግንባር ሳይነስ ከአክሮሜጋሊ፣ ማለትም የዕድገት ሆርሞን ከመጠን በላይ ከሚመነጭበት ሕመም፣ ጋር አብሮ ሊገኝ ይችላል። በእነዚህ ሁሉ ሕመሙ ሌላ ቦታ ነው፤ ሳይነሱ ምልክት ብቻ ነው።

ሁለተኛው ነጥብ የጽሑፉ እምብርት ነው፤ በመውረጃው ዙሪያ የሚገኙ ትርፍ የአየር ክፍሎች መተላለፊያውን ስለሚያጠብቡ የሳይነስ ሕመም መንሥኤ ናቸው ይላል። ነገሩ ሲሰሙት የሚያሳምን ስለሆነ ጊዜ ወስዶ ማየቱ ይሻላል። የግንባር ሳይነስና መውረጃው አፉን ወደ ታች የደፉትን ጀበና ይመስላሉ፤ ሆዱ በግንባሩ አጥንት ውስጥ ያለው ሳይነስ፣ አንገቱ ጠባቡ በር፣ ከአንገቱ በታች እየሰፋ የሚሄደው ደግሞ ሐኪሞች ፍሮንታል ሪሰስ የሚሉት ክፍል ነው። ይህ ክፍል የራሱ የሆነ ቧንቧ የለውም። ከፊቱ አጀር ናሲ የሚባለው የአየር ክፍል፣ ከኋላው ኢትሞይድ ቡላ የሚባለው ሌላ የአየር ክፍል፣ ከመሐል በኩል መካከለኛው ተርቢኔት (በአፍንጫ ውስጥ ያለ ጥቅልል አጥንት)፣ ከውጭ በኩል የዓይን ጎድጓዳው ስስ ግድግዳ ይከቡታል፤ መንገዱ እነዚህ ጎረቤቶች የተዉለት ቦታ ነው። ንፍጡም በዘፈቀደ አይወርድም፤ ጥቃቅን ፀጉር መሳይ ዘንጎች በመካከለኛው ግድግዳ ላይ ወደ ላይ ይገፉታል፣ በጣሪያው በኩል ወደ ውጭ ዞሮ በወለሉ ላይ ወደ በሩ ይመለሳል፣ ከፊሉም ሳይወጣ እንደገና ይዞራል።

ክፍሎቹ መንገዱን ወዴት እንደሚገፉት ማወቅ ለቀዶ ሐኪሙ ትልቅ ጉዳይ ነው። በ1994 ቤንትና ኩን ባቀረቡት አከፋፈል ከአጀር ናሲ በላይ ያሉ ክፍሎች በአራት ዓይነት ተመድበው ነበር፤ ጽሑፉም ይህን ተከትሎ «አራተኛው ዓይነት ከሁሉ የከፋ ነው» ይላል። ነገር ግን በመጀመሪያው አከፋፈል አራተኛው ዓይነት በሳይነሱ ውስጥ ለብቻው ተነጥሎ የሚታይ ክፍል ሲሆን፣ በኋላ በተሻሻለው አከፋፈል ደግሞ የሳይነሱን ቁመት ከግማሽ በላይ የሚይዝ ክፍል ነው፤ ሁለት ሪፖርቶች አንድን ቁጥር ጽፈው ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ሊሉ ይችላሉ ማለት ነው። ፒተር ጆን ዎርማልድና ባልደረቦቻቸው በ2016 ያወጡት ዓለም አቀፍ አከፋፈል ቁጥሩን ትቶ ክፍሎቹን በቦታቸውና በሚገፉበት አቅጣጫ የመደባቸው ለዚህ ነው። ከፊት ያሉት፣ ማለትም አጀር ናሲ፣ ሱፕራ አጀርና ወደ ሳይነሱ ዘልቆ የሚገባው ሱፕራ አጀር ፍሮንታል፣ መንገዱን ወደ ኋላና ወደ መሐል ይገፉታል፤ ከኋላ ያሉት ሱፕራ ቡላ፣ ሱፕራ ቡላ ፍሮንታልና ከዓይን ጎድጓዳው በላይ የሚዘረጋው ሱፕራ ኦርቢታል ወደ ፊት ይገፉታል፤ በሁለቱ ሳይነሶች መካከል ባለው ግድግዳ ላይ የሚገኘው ክፍል ደግሞ ወደ ውጭ ይገፋዋል። ይህ አከፋፈል የታሰበው በቀዶ ሕክምና ወቅት መሣሪያው በየት በኩል ይለፍ፣ የትኛው ግድግዳ ይነሳ ለሚለው ነው። ታማሚና ጤነኛ ለመለየት አልወጣም።

ለመለየትም አይጠቅምም። አጀር ናሲ በብዙ የሲቲ ጥናቶች ከ10 ሰዎች በ9ኙ ወይም ከዚያ በሚበልጡት ላይ ይገኛል፤ በዘጠኙ ላይ ያለ ነገር ከመካከላቸው ማን እንደታመመ ሊነግረን አይችልም። ስለ ሌሎቹ ክፍሎች የተደረጉት ጥናቶችም አንድ ቋንቋ አይናገሩም፤ ከሳይነስ ብግነት ጋር ግንኙነት አለ ያሉም፣ በታመሙትና ባልታመሙት ላይ ተመሳሳይ መጠን አገኘን ያሉም አሉ። ጽሑፉ የመጀመሪያዎቹን ብቻ ጠቅሶ ሁለተኛዎቹን ዝም ብሏቸዋል። በየቀኑ ከማየውም ብነሣ፣ በአደጋ ምክንያት ጭንቅላታቸው ሲቲ ከተነሳና ስለ አፍንጫቸው አንድም ቅሬታ ከሌላቸው ሰዎች መካከል እስከ ግንባሩ ዘልቆ የገባ ትልቅ ክፍል ያለባቸውን፣ መንገዳቸው ግን ጥቁርና ክፍት የሆነውን ሰዎች ማግኘት አይከብድም። ጠባብ መንገድና የተዘጋ መንገድ አንድ አይደሉም። ክፍሉ ጥፋተኛ ነው ለማለት በክፍሉና በጎረቤቱ ግድግዳ መካከል ያለው ቦታ በሽፋን እብጠት መሞላቱን፣ ከዚያ በላይ ያለው ሳይነስ መደፍረሱን፣ የሌላው ወገን መንገድ ግን ክፍት መሆኑን በአንድ ላይ ማየት እፈልጋለሁ። ያን ስመለከት ያለ ማመንታት እጽፈዋለሁ።

የሳይነሱ ሽፋን በሲቲ ላይ ወፍሮ መታየቱ ሕመምን ያረጋግጣል የተባለው ሦስተኛው ነጥብ ነው። ጉንፋን ይዞት የሰነበተ ሰው ሲቲ ቢነሳ ሽፋኑ ይወፍራል፤ አለርጂ ያለበትም እንዲሁ፤ ቅሬታ የሌላቸው ብዙ ሰዎችም ጥቂት ሚሊሜትር ውፍረት ይታይባቸዋል። ሉንድና ማኬይ በ1993 ያወጡት ነጥብ አሰጣጥ ከ0 እስከ 24 የሚቆጥር ሲሆን፣ የሳይነስ ሕመም የሌለባቸው አዋቂዎች አማካይ ነጥብ ዜሮ ሳይሆን 4 ገደማ ሆኖ ተገኝቷል። ሥር የሰደደ የሳይነስ ብግነት የሚባለው የአፍንጫ መታፈን፣ የወፈረ ፈሳሽ፣ የፊት ክብደት ወይም ሕመም፣ የማሽተት መቀነስ ከሚባሉት ምልክቶች ቢያንስ ሁለቱ ለ12 ሳምንት ወይም ከዚያ በላይ ቆይተው፣ በላዩም በአፍንጫ መመልከቻ ወይም በሲቲ የሚታይ ማስረጃ ሲገኝ ነው። ምልክቱ ከምስሉ ጋር፣ ምስሉም ከምልክቱ ጋር መገናኘት አለበት።

እዚህ ላይ ስለ ራስ ምታቱ አንድ ነገር መጨመር ግድ ነው። በአገራችን ግንባሩን ወይም በዓይኑ ዙሪያ የሚያመው ሰው «ሳይነስ አለብኝ» ብሎ ራሱን መመርመሩ የተለመደ ነው፤ የባህር ዛፍ እንፋሎት ይታጠናል፣ ዳማከሴ ያሸታል፣ ከመድኃኒት ቤት ያገኘውን ይውጣል። ይህ የእኛ ብቻ ልማድ አይደለም። በ2004 በአሜሪካ በታተመ ጥናት «የሳይነስ ራስ ምታት አለብኝ» ካሉ 2,991 ሰዎች መካከል 88 በመቶዎቹ የማይግሬን ዓይነት ራስ ምታት መስፈርት አሟልተው ተገኝተዋል። የጥናቱ ሰዎች ትኩሳትና መግል መሳይ ፈሳሽ የሌላቸው ስለነበሩ ቁጥሩን ለሁሉም የሳይነስ ታካሚ ማዋል አይቻልም፤ ጽሑፉ ሲቲ እንዲነሱ የሚመክራቸው ሰዎች ግን በትክክል እነዚህን የሚመስሉ ናቸው። ራስ ምታት ብቻውን፣ ያለ አፍንጫ ምልክት፣ ለሳይነስ ሲቲ ምክንያት አይሆንም። ከ10 ቀን ያነሰ ጉንፋን መሳይ ሕመምም እንዲሁ።

አራተኛው ነጥብ ከቀደሙት ጋር ራሱ የሚጋጭ ነው። ጽሑፉ ስለ ክፍሎቹ ይህን ያህል ከተናገረ በኋላ፣ ለምርመራው ከፊት ለፊት የተቆረጡ ጥቂት ምስሎች በአንድ ፊልም ላይ ታትመው ቢሰጡ ይበቃል ይላል። በኮሮናል ምስል፣ ማለትም ፊትን ከፊት ለፊት በሚያሳየው፣ አጀር ናሲና በላዩ ያለው ክፍል ተደራርበው ይታያሉ፤ ከኋላ የሚመጣው ሱፕራ ቡላ ግን ከፊተኛው መለየት ያስቸግራል፤ በተለይ ምስሎቹ መካከል ክፍተት ካለ። መንገዱ ከላይ እስከ ታች አንድ ሆኖ የሚታየው ከጎን በተቆረጠው በሳጂታል ምስል ነው። እኔ አንድን የግንባር ሳይነስ ሳነብ ከአንድ ሚሊሜትር ያልበለጠ ቀጭን ቁራጭ ከፍቼ፣ በሳጂታሉ ላይ ከአፍንጫው ሥር ካለው አጥንት ጠርዝ ተነሥቼ አጀር ናሲን እይዛለሁ፤ ከዚያም ሦስቱን አቅጣጫዎች አንድ ላይ አስሬ ጠቋሚውን በሳይነሱ ወለል ላይ አሳርፍና መንገዱን ሽቅብ ቁልቁል እያልኩ እከተላለሁ። በአክሲያሉ፣ ማለትም በአግድም በተቆረጠው ምስል፣ ላይ ጠቋሚው ከአንድ ጥቁር ክብ ወደ ሌላው ዘሎ ሲገባ፣ ያኔ ግድግዳ መሻገሬን፣ የያዝኩት መንገድ ሳይሆን የተዘጋ ክፍል እንደነበር አውቃለሁ። ይህን በመስኮት ብርሃን ላይ በተያዘ ፊልም መሥራት አይቻልም። ስለዚህ ቀዶ ሕክምና የታሰበለት ታካሚ ፊልሙን ብቻ ሳይሆን ሙሉ ምስሉ ያለበትን ሲዲ መጠየቅ አለበት። የሳይነስ ሲቲ ለተለመደው ምርመራ ኮንትራስት፣ ማለትም ምስሉን ለማጉላት በደም ሥር የሚሰጥ ፈሳሽ፣ አያስፈልገውም፤ ይህም ክፍያውንም ጊዜውንም ይቀንሳል።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበኝ የቀዶ ሕክምናው ምክር ነው። ጽሑፉ ልዩነት የተገኘበት ሰው ሕመም ቢኖረውም ባይኖረውም «ቀድሞ ቢስተካከል» ይሻላል ይላል። የግንባሩ መውረጃ በሰፊው ቦታው እንኳ በሚሊሜትር የሚለካ ነው። በዙሪያው ያለው ሽፋን ክብ ሆኖ ከተላጠ ሲድን ይጠባል፣ ጠባሳውም በሩን ይዘጋል፤ ከሳይነስ ቀዶ ሕክምና በኋላ የሚመጣ የግንባር ሳይነስ ብግነት ዋና ዋና ምክንያቶች አንዱ ይኸው ነው። ጤነኛ መንገድ ተነካክቶ የታመመ መንገድ ይሆናል ማለት ነው። የአንገት በላይ ሐኪሞች በመጀመሪያ የጨው ውኃ እጥበትና በአፍንጫ የሚረጭ ስቴሮይድ በበቂ መጠንና ጊዜ የሚሞክሩት፣ ወደ ቀዶ ሕክምና ሲሄዱም ጀርመናዊው ሐኪም ድራፍ ለግንባር ሳይነስ ቀዶ ሕክምና ባወጡት ደረጃ መሠረት ከትንሹ ጀምረው እንደ አስፈላጊነቱ የሚጨምሩት ይህን ስለሚያውቁ ነው።

አደጋውም በዚህ አያበቃም። የማሽተት ነርቭ የሚያርፍበት ጎድጓዳ ጥልቀት ከሰው ሰው ይለያል፤ ኬሮስ በ1962 ከ1 እስከ 3፣ ከ4 እስከ 7፣ ከ8 እስከ 16 ሚሊሜትር በሚል በሦስት መድቦታል። ጎድጓዳው በጠለቀ ቁጥር የጎኑ ስስ አጥንት ይረዝማል፤ ይህ አጥንት በራስ ቅሉ ወለል ላይ ካሉት ሁሉ ቀጭኑ ስለሆነ በቀላሉ ይበሳል፤ ከተበሳም የአንጎል ዙሪያ ፈሳሽ በአፍንጫ ይወርዳል። ቀኝና ግራው እኩል ላይሆኑም ይችላሉ፤ አንዱን ወገን የሠራ እጅ በሌላው ወገን ያንኑ ከፍታ ጠብቆ ቢሄድ አደጋ ላይ ይወድቃል። ከዓይን ጎድጓዳው በላይ የተዘረጋ ክፍል ባለበት ሰው ደግሞ ፊተኛው የኢትሞይድ ደም ቅዳ ቧንቧ ከጣሪያው ተላቆ በአየሩ መካከል የሚያልፍበት ዕድል ይጨምራል፤ ተቆርጦ ወደ ዓይን ጎድጓዳው ከተሸሸገ እዚያው እየደማ ዓይንን ሊያጠፋ ይችላል። እነዚህ ሦስቱ፣ የወለሉ ጥልቀት፣ የሁለቱ ወገን አለመመጣጠንና የደም ቧንቧው መንገድ፣ በሪፖርቱ ላይ ሊጻፉ የሚገባቸው ልዩነቶች ናቸው። ጽሑፉ አንዳቸውንም አላነሣም። ልዩነትን ያህል ነገር ርእስ አድርጎ የቀዶ ሐኪሙን እጅ ሊያስቱ የሚችሉትን ልዩነቶች መዝለሉ ገርሞኛል።

የውጭ አከፋፈሎች በእኛ ሕዝብ ላይ ስላልተጠኑ አይሠሩም የሚለው ነጥብ ግማሽ እውነት አለው። የየክፍሎቹ ብዛት ከሕዝብ ሕዝብ ስለሚለያይ፣ በሌላ አገር የተገኘውን መቶኛ ወስዶ «የሲዳማ ወይም የኦሮሚያ ሰው ይህን ያህል ነው» ማለት ልክ አይደለም፤ የራሳችንን ሲቲዎች ሰብስበን መቁጠሩም የእኛው ሥራ ነው። አከፋፈሉ ግን ብዛት አይናገርም፤ ክፍሉ ከመንገዱ ፊት ነው ወይስ ኋላ ብሎ ብቻ ይጠይቃል፤ የዚህ መልስ ደግሞ እያንዳንዱ ታካሚ ላይ በምስሉ ይታያል። እንዲያውም የግንባር ሳይነስ ቅርጽ ከአንድ እንቁላል በተገኙ መንትዮች እንኳ ስለሚለያይ የሞተን ሰው ማንነት ለመለየት ያገለግላል፤ ሹለር በ1921 ሐሳቡን አቅርበው በ1927 በተግባር ውሏል። እንዲህ በሚለያይ አካል ላይ «ትክክለኛው ቅርጽ» ተብሎ ሌላው ሁሉ የሚመዘንበት ቅርጽ ከየት ይመጣል?

ልዩነት ያለበት ሰው በየሦስት ወሩ ሲቲ ይነሳ የሚለውን በአጭሩ ልለፈው። አጥንቱ በሦስት ወር አይለወጥም። የአንድ የሳይነስ ሲቲ ጨረር በአብዛኛው ከ1 ሚሊሲቨርት (የጨረር መጠን መለኪያ) በታች ሆኖ፣ ሰው በዓመት ከተፈጥሮ ከሚያገኘው 2.4 ሚሊሲቨርት አማካይ መጠን የሚያንስ ስለሆነ አንድ ጊዜ ለሚያስፈልገው ሰው የሚያስፈራ አይደለም፤ ለማያስፈልገው ሰው በዓመት አራት ጊዜ ግን ምክንያት የለውም።

የመጨረሻው ነጥብ በጽሑፉ ውስጥ በአንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ የተነገረ ነው፤ ከሁሉም የከፋው ግን እርሱ ነው። የግንባር እብጠት በሳይነስ ታካሚ ላይ የሚጠበቅ ስለሆነ በእንፋሎት እየታጠኑ ሲቲ ተራውን መጠበቅ ይቻላል ይላል። ሊቻል አይገባም። በተለይ በጉርምስና ዕድሜ ላይ ያለ ልጅ ጉንፋን ይዞት ከሰነበተ በኋላ ትኩሳት ሲነሣበትና ግንባሩ ላይ ሲነኩት የሚያም ለስላሳ እብጠት ሲወጣበት፣ መግሉ የሳይነሱን የፊት ግድግዳ በልቶ ከቆዳው ሥር ደርሷል ማለት ሊሆን ይችላል። እንግሊዛዊው ቀዶ ሐኪም ፐርሲቫል ፖት በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የገለጸው እብጠት ይህ ነው። የሳይነሱ የኋላ ግድግዳ ደም መላሾች መዝጊያ የሌላቸው በመሆናቸው ተሕዋስያን በእነርሱ በኩል፣ አጥንቱ ሳይበላ እንኳ፣ ወደ አንጎል ሽፋን ሊያልፉ ይችላሉ፤ በዚህ ዕድሜ አጥንቱ በደም ሥር የበለጸገ ስለሆነ መንገዱ ክፍት ነው። ከዚህ ጋር ማስመለስ፣ ድብታ፣ የዓይን ማበጥ ወይም የሰውነት መንቀጥቀጥ ከታየ የአንጎል መግል መጠርጠር አለበት። ኮንትራስት የግድ የሚያስፈልገውም እዚህ ነው። እንዲህ ያለ ልጅ ከማንኛውም ወረፋ ቀድሞ በመጣበት ቀን ከነአንጎሉ በኮንትራስት ሲቲ ወይም ከተገኘ በኤምአርአይ ይታያል፤ አንቲባዮቲኩም በደም ሥር ምስሉ እስኪነበብ ሳይጠበቅ ይጀመርለታል፤ የአንገት በላይ ሐኪምና የአንጎል ቀዶ ሐኪምም በዚያው ሌሊት ይጠራሉ።